እናትና ልጅ ብቻ ሲቀሩ፦ የሰሜን ነጭ አውራሪስ ጉዳይ

ኬንያ ውስጥ፣ ናንዩኪ ከተማ አጠገብ፣ ሁለት አውራሪሶች ሳር ሲግጡ ይውላሉ። አንዷ ናጂን ትባላለች፣ ሌላዋ ፋቱ። እናትና ልጅ ናቸው። መሣሪያ የታጠቁ ጠባቂዎች ሌት ተቀን ይጠብቋቸዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ በዓለም ላይ አንድም የሰሜን ነጭ አውራሪስ የለም። ዱር ውስጥ የለም። የእንስሳት ማቆያ ውስጥም የለም። ወንድ አልቀረም። ሁለቱ ሴቶችም ቢሆኑ አርግዘው መውለድ አይችሉም።

ስለ አውራሪስ አደንና ጥበቃ ብዙ ይባላል። እኔ ግን ነገሩን በአንድ ጉዳይ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። እዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁሉም አለ። ቀንድ ነጋዴው አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ ፖለቲካው አለ፣ ደፋር ጠባቂዎች አሉ፣ ጀርመንና ጣሊያን ያሉ ላቦራቶሪዎች አሉ። የእኔን እምነት ከወዲሁ ልናገር፦ ይህ ዘር እዚህ የደረሰው ሳይንስ ስላነሰ አይደለም። ጥቂቶቹን ማዳን በሚቻልበት ሰዓት ውሳኔው ስለተጓተተ ነው። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጥቁር አውራሪስ በኢትዮጵያም ነበር። ዛሬ የለም። ቆዳው ለጋሻ፣ ቀንዱ ለዋንጫ ይውል ነበር። ጉልበቱን አይተን ወንድ ልጅ ሲወለድልን አውራሪስ ብለን እንሰይማለን። እንስሳው ከምድራችን ሄዷል፤ ስሙ ግን ዛሬም መምህር ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ይሰማል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሁለት ሺህ ነበሩ

ነጭ አውራሪስ ይባል እንጂ ነጭ አይደለም። ቀለሙ ግራጫ ነው። ከጥቁሩ የሚለየው በአፉ ነው። ጥቁሩ ሹል ከንፈር አለው፤ በሱ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይቀነጥሳል። የነጩ ከንፈር ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ከብት አንገቱን ደፍቶ ሳር ይግጣል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን አይደለችም። ሁለት ቶን የሚመዝን፣ ሜዳ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚውል እንስሳ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ቀላል ነው።

ነጭ አውራሪስ ሁለት ወገን አለው፣ የደቡቡና የሰሜኑ። የሰሜኑ አገር ዛሬ ደቡብ ሱዳን፣ ኡጋንዳ፣ ኮንጎ፣ መካከለኛው አፍሪካና ቻድ የምንላቸው ናቸው። በ1960 አካባቢ ቁጥሩ ከ2000 በላይ እንደነበር ይገመታል። ከዚያ በኋላ በእነዚህ አገሮች ጦርነት በጦርነት ላይ ተነባበረ። ክላሽ እንደ ልብ ተገኘ። ወታደሩም፣ አማፂውም፣ ሽፍታውም ሥጋና ገንዘብ ፈለገ።

ገንዘቡ ቀንዱ ላይ ነበር። በ1970ዎቹ የባሕረ ሰላጤው የነዳጅ ገንዘብ የመናውያን ኪስ ሲገባ፣ ጃምቢያ በሚሉት ጩቤ ላይ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ማሠራት የክብር ምልክት ሆነ። በቻይናና በሌሎች የእስያ አገሮች ደግሞ ቀንዱ ተፈጭቶ ለትኩሳትና ለሌላ በሽታ መድኃኒት ነው ይባላል። ቀንዱ የተሠራው ግን ጥፍራችንና ጸጉራችን ከተሠሩበት ከኬራቲን ነው። የሚፈውሰው ነገር የለም። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1977 የሁሉንም አውራሪስ ንግድ ከለከለ። ገበያው ግን አልጠፋም፣ ወደ ጓሮ ገባ እንጂ።

ጋራምባ፦ የተሳካውና የተበላሸው

ጋራምባ በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ፣ የደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በረጅም ሳር የተሸፈነ ሰፊ ሜዳ ነው። በ1984 ቆጠራ ሲደረግ የተገኙት አውራሪሶች 15 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ውጭ በዱር የቀረ ተስፋ የሚጣልበት መንጋ አልነበረም።

ያኔ ሥራ ተጀመረ። ሥራው ምንም የተራቀቀ ነገር አልነበረውም። የኮንጎ የፓርክ ጠባቂዎች፣ እኛ አገር ስካውት የምንላቸው፣ ሥልጠና አገኙ። ሬድዮና መኪና ተሰጣቸው። ትንሽ አውሮፕላን ከላይ እየዞረች ትቃኝ ነበር። እያንዳንዱ አውራሪስ በቀንዱ ቅርጽና በጆሮው ምልክት ተለይቶ ተመዘገበ። ማን ወለደች፣ ማን ጠፋ፣ ማን ከማን ጋር ይሄዳል የሚለው ሁሉ ይታወቅ ነበር።

በ2003 ቁጥራቸው 30 ደረሰ። እጥፍ ሆኑ ማለት ነው። ይህ የሆነው ሰላም ባለበት አገር አይደለም። በመሐል ኮንጎን ያተራመሱ ሁለት ጦርነቶች አልፈዋል። የድንበሩ ማዶ ደግሞ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። የታጠቀ ኃይል በፓርኩ ውስጥ ይመላለስ ነበር። ጠባቂዎቹ ግን ሥራቸው ላይ ቆዩ። አውራሪሶቹ ማንም መርፌ ሳይወጋቸው፣ ማንም እንቁላል ሳይወስድላቸው፣ ራሳቸው ተባዙ። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው። የሰሜን ነጭ አውራሪስ መራባት ያቃተው ዘር አልነበረም። የማይገድለው ሰው ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ከ2003 ጀምሮ ከሱዳን በኩል ፈረሰኞች ገቡ። አህያ አስከትለው ነበር የሚመጡት፣ የዝሆን ጥርስና ቀንድ ለመጫን። ብዙ ናቸው፣ ተኩስ የለመዱ ናቸው፣ መመለሻ መንገዱን ያውቁታል። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የ19 ዓመት ልፋት ገደል ገባ። የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ።

በጥር 2005 የኮንጎ መንግሥት አንድ ዕቅድ ተቀበለ። ከቀሩት ውስጥ አምስቱን ወደ ኬንያ ማሻገር፣ ፀጥታው ሲመለስ ደግሞ መመለስ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ አለቀ ደቀቀ። ነገር ግን ወሬው ሲሰማ ተቃውሞ ተነሳ። የአገር ሀብት ለምን ለባዕድ ይሰጣል ተባለ። ፖለቲከኞች ያዙት። ጉዳዩ የአውራሪስ መሆኑ ቀረና የክብር ጉዳይ ሆነ። ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀረ።

እኔ ይህን ስሜት አልንቀውም። ቅርሱ ተጭኖ የሄደበት ሕዝብ እንዲህ ቢሰማው አይፈረድበትም። እኛም ስለ ቅርሶቻችን ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል። አውራሪሱ ግን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ መቶ ዓመት የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። ክርክሩ ሳያልቅ እነሱ አለቁ። በ2006 አራት ብቻ ታዩ። ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ቢቀጥልም የተገኘ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነበር።

ከናይል ዳር ወደ በረዶ አገር

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ወደ 1975። በዚያ ዓመት ሻምቤ በሚባል ቦታ፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ከነጭ ዓባይ ዳር፣ ስድስት የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ተያዙ። ከመሐላቸው የሁለት ዓመት ወንድ ነበረ። ስሙን ሱዳን አሉት። ስድስቱም ወደያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ድቩር ክራሎቬ ወደሚባል የእንስሳት ማቆያ ተወሰዱ። የማቆያው ኃላፊ ዮሴፍ ቫግነር የአፍሪካን እንስሳት በብዛት ሰብስቦ ለማራባት የተነሳ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ ሕፃን አውራሪስን ከአገሩ ነጥቆ መውሰድ ለብዙዎች ጭካኔ ይመስል ይሆናል። ለኔም ይመስለኛል። ግን ሻምቤ የቀሩት አንዳቸውም አልተረፉም። ዛሬ ያለችው ናጂን የዚያ የሱዳን ልጅ ናት። ይህን ሁለት እውነት አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል፤ ግን ሁለቱም እውነት ናቸው።

ድቩር ክራሎቬ የሰሜን ነጭ አውራሪስ የተወለደበት ብቸኛው ማቆያ ነው። ሱኒ በ1980 ተወለደ። ናቢሬ በ1983፣ ናጂን በ1989፣ ፋቱ በ2000። በ25 ዓመት ውስጥ ንጹህ ዘር ሆነው ያደጉት እነዚህ አራቱ ናቸው። የጋራምባዎቹ በ19 ዓመት ካመጡት ጋር አስተያዩት። ክረምቱ በረዶ ነው። ቦታው ጠባብ ነው። ሴት አውራሪስ ደግሞ ሳትወልድ ዓመታት ካለፉ ማህፀኗና የእንቁላል ከረጢቷ ላይ እባጭና ዕጢ ይወጣል፣ በኋላ መካን ትሆናለች። ጥቂቶቹ ወደ አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ሄደው ነበር። እዚያ አንድም አልተወለደም።

ፋቱ ከተወለደች ወዲህ ሌላ አልመጣም። ዓመት እየተቆጠረ ሄደ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 2009 የመጨረሻዎቹ አራት መውለድ ይችላሉ የተባሉት፣ ሱዳን፣ ሱኒ፣ ናጂንና ፋቱ፣ በአውሮፕላን ወደ ኬንያ ሄዱ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ፀሐይ ይሙቃቸው፣ የአፍሪካ ሳር ይብሉ፣ ሰፊ ቦታ ይኑራቸው፣ ምናልባት ተፈጥሮ ይመለሳል። በወቅቱ ይህን የተቃወሙ ባለሙያዎች ነበሩ። ገንዘቡ ገና ተስፋ ላላቸው አውራሪሶች ይዋል ይሉ ነበር። ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ተፈጥሮም በከፊል ተመልሶ ነበር፤ በ2012 ሱኒና ናጂን ተገናኝተዋል። ፅንስ ግን አልተገኘም።

ኦል ፔጄታ

ቦታው ኦል ፔጄታ ይባላል። በላይኪፒያ አምባ ላይ፣ ከኬንያ ተራራ በስተምዕራብ፣ 360 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የግል ጥብቅ ቦታ ነው። ድሮ የከብት እርባታ ነበር። አሁንም ከብት ያረባል። በምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ የጥቁር አውራሪስ መንጋ የሚገኘውም እዚህ ነው።

ስለ አጥሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቦታው በኤሌክትሪክ አጥር የተከበበ ነው። ዝሆን፣ የሜዳ አህያና ሌሎቹ ግን ለግጦሽና ለውሃ መግባትና መውጣት አለባቸው። ስለዚህ በሰሜን በኩል አጥሩ ክፍት የሆነባቸው መተላለፊያዎች አሉ። መተላለፊያው ላይ ከጉልበት የማይበልጡ አጫጭር ምሰሶዎች ጥቅጥቅ ብለው ተተክለዋል። ዝሆን እግሩን አንስቶ ያልፋል። አጋዘን ዘሎ ያልፋል። አውራሪስ ግን እግሩን ያን ያህል አያነሳም፤ ደርሶ ይመለሳል። በጥቂት ምሰሶ፣ አውራሪስን ብቻ የሚያስቀር በር። ይህን የፈጠረው ሰው እንስሳውን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው።

ቀሪው የሰው ሥራ ነው። የታጠቁ ጠባቂዎች፣ አነፍናፊ ውሾች፣ ሌሊት የሚዞር ቅኝት። የአራቱ አውራሪሶች ቀንድ ተቆርጧል፣ አዳኝ እንዳይመኘው። ቀንድ እንደ ጥፍር ስለሆነ እንደገና ያድጋል፣ እንደገና ይቆረጣል። በዙሪያው ካሉ መንደሮች ጋር ያለው ግንኙነትም የጥበቃው አካል ነው። ትምህርት ቤት፣ ውሃ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሥራ። እንግዳ ሰው መንደር ሲገባ የሚጠራጠረው፣ ስልክ አንስቶ የሚደውለው ጎረቤት ነውና።

ኬንያ በጠቅላላው ከዚህ የተማረችው አለ። በ1970 አካባቢ 20,000 ያህል ጥቁር አውራሪስ ነበራት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ400 በታች ወረደ። የቀሩትን ሰብስባ በተጠበቁ ቦታዎች አኖረቻቸው። ሲበዙ ወደ ሌላ የተጠበቀ ቦታ አካፈለቻቸው። በ2020 በአገሪቱ አንድም አውራሪስ በአዳኝ እንዳልተገደለ ተገለጸ። ደቡብ አፍሪካ በ2014 ብቻ 1215 እንደተገደሉባት ላስታወሰ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የደቡብ ነጭ አውራሪስ ታሪክም እንዲሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ100 በታች ቀርተው ነበር፣ በአንድ የደቡብ አፍሪካ አካባቢ። ተጠበቁ። በ1960ዎቹ እየተያዙ ወደ ሌሎች ፓርኮችና አገሮች ተበተኑ። ዛሬ ከ15,000 በላይ ናቸው። የሰሜኑና የደቡቡ ልዩነት ይኸው ነው፤ ለደቡቡ አንድ ሰላማዊ ቦታ ተገኘለት፣ ሲበዛም በጊዜ ተበተነ።

ሱዳን ሲሞት

ሱኒ በጥቅምት 2014 ሞቶ ተገኘ። ያመመው አይመስልም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳንዲያጎ የነበረው ወንድ፣ አንጋሊፉ፣ ሞተ። በ2015 ሁለት ሴቶች፣ ናቢሬና የሳንዲያጎዋ ኖላ፣ ተከተሉ። ወንድ የቀረው ሱዳን ብቻ ሆነ፣ ያውም አርጅቶ።

ሱዳንን የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ ገር ነበር። ጠባቂዎቹ አጠገቡ ተቀምጠው ጆሮውን ያኩለት ነበር። ካሮትና ሙዝ በእጃቸው ያበሉት ነበር። ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ። አንድ ጠባቂ ግንባሩን ከእንስሳው ፊት ጋር አገናኝቶ ይታያል። ያ ሰው ሁለት ቶን የሚያህል የዱር እንስሳ ያቀፈ አይመስልም፣ አባቱን የሚሰናበት ይመስላል።

በመጋቢት 2018 የኋላ እግሩ ቁስል አመረቀዘ። ጡንቻውና አጥንቱ ደክሞ ነበር። ቆዳው ላይ ቁስል በዛ። በመጨረሻ መነሳት አቃተው። መነሳት ያቃተው አውራሪስ በገዛ ክብደቱ ይሰቃያል። መጋቢት 19 ቀን የኬንያ፣ የቼክና የኦል ፔጄታ ሐኪሞች ተማክረው በመርፌ አሳረፉት። 45 ዓመቱ ነበር። ኦል ፔጄታ ውስጥ ለሞቱ አውራሪሶች የመታሰቢያ ድንጋይ የሚቆምበት ዛፍ አለ። አብዛኞቹ ድንጋዮች በአዳኝ የተገደሉ ናቸው። ለሱዳንም አንድ ተጨመረ።

በፋቱ እንቁላል ላይ የተንጠለጠለ ነገር

አሁን ላቦራቶሪው ይመጣል። የበርሊኑ የሌይብኒዝ የዱር እንስሳት ጥናት ተቋም፣ በቶማስ ሂልደብራንት መሪነት፣ ከቼኩ ማቆያ፣ ከኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት፣ ከኦል ፔጄታና ጣሊያን ክሬሞና ካለው ከቼዛሬ ጋሊ ላቦራቶሪ ጋር ባዮሬስኪዩ የተባለ ፕሮጀክት መሠረተ። ዕቅዱ እንዲህ ነው። ከናጂንና ከፋቱ እንቁላል ይወሰዳል። ከሞቱት ወንዶች ቀድሞ ተወስዶ በበረዷቸው የዘር ፈሳሽ ይዳቀላል። ፅንሱ በደቡብ ነጭ አውራሪስ ማህፀን ውስጥ ያድጋል። ምትክ እናት ማለት ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። ገጠር ያደገ ሰው የከብት ማዳቀል ባለሙያ ሲሠራ አይቷል። እጁን በላሟ ፊንጢጣ አስገብቶ ማህፀኗን ይዳስሳል። በአውራሪስ ግን እጅ አይደርስም። የእንቁላል ከረጢቷ ያለው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለዚህ ብቻ የተሠራ ረጅም መሣሪያ አለ፤ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድና መርፌ ያለበት። አውራሪሷ ሙሉ ማደንዘዣ ትወስዳለች። ዓይኗ ይሸፈናል። የከረጢቷ ጎን ታላላቅ የደም ሥሮች አሉ። መርፌው ሚሊሜትሮች ቢስት እንስሳዋ ደም ፈስሷት ልትሞት ትችላለች። ከዓለም ላይ ካሉት ከሁለቱ አንዷ።

ነሐሴ 22 ቀን 2019 የመጀመሪያው ተሞከረ። ከእናትም ከልጅም አምስት አምስት፣ በድምሩ 10 እንቁላል ተገኘ። በሙቀት መጠበቂያ ሣጥን ሆነው ወደ ጣሊያን በረሩ። ሰባቱ ጎለመሱ። እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ አንድ የወንድ የዘር ሕዋስ በመርፌ ገባ። ፅንስ ሆነው የቀጠሉት ሁለት ናቸው። ሁለቱም የፋቱ ነበሩ፤ አባታቸው ከአምስት ዓመት በፊት የሞተው ሱኒ።

ፅንሶቹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ በየጥቂት ወሩ ተደገመ። የአንጋሊፉም ዘር ጥቅም ላይ ዋለ። ዛሬ የተቀመጡት ፅንሶች ከ30 በላይ ናቸው። ሁሉም የፋቱ ናቸው። ከናጂን እንቁላል አንድም አልተሳካም። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ማህፀኗ ላይ ዕጢ አለ፣ እንቁላል ከረጢቷ ላይም ትልቅ እባጭ። በ2021 ከሥራው አሳረፏት። ውሳኔውን የሰጡት ለሳይንሱ የሚበጀውን ብቻ አይተው አይደለም። ለእሷ የሚበጀውን የሚመዝን የሥነ ምግባር ግምገማ በየጊዜው ይደረጋል፤ የሚመራውም በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ነው። እኔ በዚህ ልቤ ይረካል። ሰው አንድን እንስሳ የሚያስከፍለውን ያህል አስከፍሎ በመጨረሻ በቃሽ ማለቱ ደግ ነው።

በጣም የሚከብደው ደረጃ ግን ቀጥሎ ነው፣ ፅንሱን ምትክ እናት ማህፀን ውስጥ ማስገባት። ቀኑ በትክክል መታወቅ አለበት። ሴቷ ኮርማ የምትፈልግበትን ቀን ከሰው ይልቅ ኮርማው ያውቃል። ስለዚህ ዘሩ እንዳያስረግዝ የተደረገ ወንድ የደቡብ አውራሪስ አብሯት ይሰማራል። እሱ ሲጠቃት ባለሙያዎቹ ቀን መቁጠር ይጀምራሉ።

ውድ የሆነውን የሰሜኑን ፅንስ ከማስገባታቸው በፊት በደቡብ ነጭ አውራሪስ ፅንስ ተለማመዱ። በአውሮፓና በኬንያ 13 ጊዜ ሞከሩ። መስከረም 24 ቀን 2023 ኩራ በምትባል ምትክ እናት ማህፀን ውስጥ ፅንስ ገባ። የእንቁላሉ እናት ቤልጅየም፣ አባቱ ኦስትሪያ ያሉ አውራሪሶች ናቸው። ያዘ።

ያዘ፣ ግን ማንም ሳያውቅ። በኅዳር ከባድ ዝናብ መጣ። ጎርፉ ግቢውን አጥለቀለቀው፣ ከአፈር ውስጥ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ ወጣ። መጀመሪያ ወንዱ ሞተ። ቀጥሎ ኩራ ሞተች። ሬሳዋ ሲመረመር ማህፀኗ ውስጥ 6.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የ70 ቀን ወንድ ፅንስ ተገኘ። እጅና እግሩ የተሠራ፣ በደንብ ያደገ። በአውራሪስ ታሪክ በፅንስ ማስተላለፍ የተገኘ የመጀመሪያው እርግዝና ነበር። በጥር 2024 ዜናው ሲነገር ደስታና ሐዘን በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ንጹህ የሰሜን ነጭ አውራሪስ ፅንሶችን ማስገባት ተጀመረ። እስካሁን የተወለደ የለም።

ጃፓን ኦሳካ ውስጥ ካትሱሂኮ ሃያሺ የሚመራው ቡድን በሌላ መንገድ ይሞክራል። በ2015 ከሞተችው ከናቢሬ ቆዳ የተወሰደ ሕዋስ ወደ ግንድ ሕዋስ (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ወደሚችል ሕዋስ) ተመልሷል፤ ከዚያም እንቁላል ለመሆን የሚጀምር ሕዋስ ተገኝቷል። ሳንዲያጎ ውስጥም የ12 የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ሕዋስ በቅዝቃዜ ተቀምጧል። ይህ ባይሆን ኖሮ፣ የአንዲት ፋቱ እንቁላልና የጥቂት ወንዶች ዘር ብቻ ይዞ መንጋ ማቋቋም ዘመድን ከዘመድ ጋር ማጋባት ይሆን ነበር።

ፋቱ እስካለች

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ። ፅንሱ በናይትሮጂን ውስጥ መቶ ዓመት ቢቀመጥ ምን አለበት? ለምን ይጣደፋሉ?

መልሱን የሚሰጡት እናትና ልጅ ናቸው። አውራሪስ መሆን የሚወረስ ብቻ ሳይሆን የሚማሩትም ነው። ግልገል ከእናቱ ጋር ዓመታት ይቆያል። ሳሩን፣ ጭቃውን፣ ድምፁን፣ ከማን መራቅ እንዳለበት ከእሷ ይማራል። የሰሜን ነጭ አውራሪስን ድምፅና ጠባይ የሚያውቁ ሁለት ፍጥረታት ብቻ ቀርተዋል። ከደቡቧ እናት የተወለደ የሰሜን ግልገል ከእነሱ ጋር አብሮ ካላደገ፣ ሥጋው ይመለሳል እንጂ ሌላው አይመለስም። ናጂንና ፋቱ ራሳቸው ከማቆያ ከመጡ በኋላ የዱር ጠባይ እንዲለምዱ አንዲት የደቡብ ሴት አውራሪስ አብራቸው እንድትኖር ተደርጓል። ትምህርት በእነሱም ላይ ሠርቷል።

ወጪውን የሚያነሱም አሉ። ለሁለት እንስሳ ይህን ያህል? ጥያቄው ልክ ነው። ግን እኔ ሒሳቡን ከጋራምባ እጀምራለሁ። በ1984 የነበሩት 15፣ በ2003 የነበሩት 30፣ በ2005 ሊሻገሩ የነበሩት 5። ለእነዚያ ያስፈልግ የነበረው ነዳጅ፣ ደመወዝ፣ ጥይትና አንድ አውሮፕላን ነበር። አሁን የምንከፍለው የዚያን ወለድ ነው። ባዮሬስኪዩ የሚያገኘው ዕውቀት ግን በፋቱ ብቻ አያበቃም። የሱማትራ አውራሪስ የቀረው መቶ እንኳ የማይሞላ ነው ተብሎ ይገመታል። የጃቫው ከዚያ ብዙም አይሻልም።

አውራሪስ ከፀነሰች እስክትወልድ 16 ወር ይፈጃል። ፅንስ ዛሬ ቢይዝ ግልገሉ የሚወለደው ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። ነጭ አውራሪስ ደህና ከተያዘ 40፣ ቢበዛ 45 ዓመት ይኖራል። ፋቱ የተወለደችው በ2000 ነው። ናጂን በ1989። የናጂን የኋላ እግሮች ደካማ ናቸው። ሌሊት ጠባቂዎቹ ወደ በረታቸው ሲያስገቧቸው ፋቱ ትቀድማለች፣ ናጂን ቀስ ብላ ትከተላለች።